ወደቅኩ፣ ተነሳሁ፤ በመሃሉስ?

መሥሪያ ቤታችን ማርች 8ን ምክንያት አድርጎ ለሴት ሠራተኞች የአንድ ቀን የሴቶች ጤና ኮንፈረንስ ትኬት ገዛልን። እኛ ቲም ውስጥ ሴት ዴቨሎፐሮች ሁለት ብቻ ነን። ሌላኛዋ የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች በእሷ ትኬት እታለምን ይዣት ሄድኩ። እታለም የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች፣ ስኳርም አለባት። ቦታው ቦሌ ያለ ሆቴል ነው ስላልኳት እኔ በጂንስ ስሄድ እሷ ሠርግ የተጠራች መስላ መጣች። ደብተርና እስክሪብቶም ይዛለች።

ተናጋሪዋ ሁላችንም በፊልም የምናውቃት ተዋናይት ነበረች። ስሟን አልጠቅስም፤ እሷ ባትመጣ ሌላዋ መጥታ ያንኑ ንግግር ታደርግ ነበር። ጎበዝ መሆኗን ግን መካድ አይቻልም። ወረቀት አልያዘችም። ድምጿን የት እንደምታነሳ፣ የት ዝም እንደምትል ታውቃለች። ከወለደች በኋላ ሥራ ጠፍቶባት አልጋ ላይ የዋለችባቸውን ወራት ስትተርክ አዳራሹ ውስጥ ሶፍት ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር። እኔም ወስጃለሁ።

ከዚያ መነሳቱ መጣ። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆማ «በቃ!» አለች። ይኸው ነው። ቀጣዩ ትዕይንት ላይ 20 ኪሎ ቀንሳ ፊልም እየሠራች ናት።

እኔ በሥራዬ የሰው ኮድ እገመግማለሁ። የሚገባውና የሚወጣው አምሮ ተጽፎ መሃሉ ባዶ የሆነ ነገር ከመጣልኝ መልሼ ነው የምልከው። ይሄም ያው ነው። በመስታወቱና በፊልሙ መካከል ሕፃኑን ማን ያዘው? የጂሙን ማን ከፈለ? ሐኪም ነበረ ወይ? ንግግሩ 40 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ለዚህ ግን አንድ ደቂቃ አልተረፈውም። ቦታውን የሞላው «ቆራጥነት» የሚል ቃል ነው። በቃሉ ላይ ጠብ የለኝም። ግን መሃሉ ላይ ያለው ቆራጥነት ብቻ ከሆነ፣ ያልተነሳችዋ ሴት ቆራጥነት ጎድሏት ነው ማለት ነዋ! ዞር ብዬ እታለምን አየኋት። ደብተሯ ላይ «ስንፍና» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ምጣድ የምትጥድ ሴት እኮ ናት።

የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ትልቋ ባለሙያ ኦፕራ ዊንፍሬይ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። በ1988 ከሰውነቷ የቀነሰችውን ያህል፣ 67 ፓውንድ ወይም 30 ኪሎ ገደማ ስብ፣ በቀይ ጋሪ እየጎተተች የቴሌቪዥን መድረኳ ላይ ወጣች። ኪሎው ግን ተመልሶ መጣ። በ2015 ከዌይት ዋቸርስ ኩባንያ 10 በመቶ ድርሻ ገዛች። በ2020 ደግሞ ከዚሁ ኩባንያ ጋር በ9 የአሜሪካ ከተሞች እየዞረች ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ ስለ ጤናና ስለ ሕይወት ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ዝግጅት አቀረበች። ሎስ አንጀለስ ላይ ስለ ሚዛን እያወራች ሳለ ራሷ ሚዛኗን ስታ መድረኩ ላይ ወደቀች። ቪዲዮው ስንት ቀልድ ወጣለት! እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለችው ነው፤ ጥፋቱን በጫማዋ አላከከች። ልብ በሉ፣ ቆራጥነት ጎድሎኝ ነው አላለችም። እውነቷንም ነው፤ በማይሆን ጫማ ማንም ይወድቃል።

በ2023 መጨረሻ ክብደቷን ለመቆጣጠር መድኃኒት እንደምትወስድ ተናገረች። በቀጣዩ ዓመት ከኩባንያው ቦርድ ለቀቀች፤ በቴሌቪዥን ልዩ ዝግጅት ሠርታም ስለ ክብደትና ስለ ኀፍረት አወራች። ጋሪው ከተጎተተ ከ35 ዓመት በኋላ መሃሉ ተነገረ ማለት ነው። አጭበርብራናለች ያሉ ብዙ ናቸው። ለኔ ግን ስለ ሰውነቷ ካወራችው ሁሉ ምርጡ ይሄ ነው፤ ጋሪው የማይረዳትን ሴት ይሄኛው ይረዳታል።

ደግሞ መሃሉን ማሳየት አታውቅበትም እንዳይባል፣ በ2004 ዶ/ር ካትሪን ሃምሊንን ፕሮግራሟ ላይ አቅርባቸዋለች። የአዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል ታሪክም የመውደቅና የመነሳት ታሪክ ነው፤ ያውም ከየትኛውም የባሰ መውደቅ። መሃሉ ግን ሙሉ ነው። ቀዶ ሕክምና አለ፣ አልጋ አለ፣ አስታማሚ አለ፣ ስትወጣ የምትለብሰው አዲስ ቀሚስ አለ። ለነዚያ ሴቶች «መስታወት ፊት ቁሙና በቃ በሉ» ያላቸው የለም። ተመልካቹም ገንዘብ ላከ። ለምን እንደሚውል ያውቀዋላ።

ቀኑ ባዶ ነበር ግን አልልም። ምሳ ላይ አስተናጋጁ የእታለምን ሳህን ሊያነሳ ሲል ልትነሳ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። «ዛሬ ለማንም ሳላቀርብ ዋልኩ» አለችኝ፣ የሰረቀች ይመስል በሹክሹክታ። ይሄ ፕሮግራሙ ላይ አልተጻፈም። ከቀኑ ሁሉ የወደድኩት ግን እሱን ነው።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የኦፕራን ነገር ነገርኳት።

«መድኃኒት ነው?»

«አዎ። ራሷ ናት የተናገረችው።»

ትንሽ ዝም አለች። «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ራሷን ስትሰድብ ኖራ?» አለች። ከዚያ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ አየችውና መልሳ ከተተችው። «ስንት ነው ደሞ እሱ?»

ስልኬ ላይ ፈልጌ ወደ ብር ቀይሬ ነገርኳት። ከት ብላ ስትስቅ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ዞረው አዩን። እስክንወርድ ድረስ በየመሃሉ ትዝ እያላት ትስቅ ነበር። ሰፈር ስንደርስ ሻይ ልጋብዝሽ ብላት እምቢ አለች፤ ለጠዋት የምታስረክበው ነበረባት፣ ሊጡም ኩፍ ብሎ እየጠበቃት ነበር።