«አልባ» ያለ ቦታው፦ ስለ ክላውድ ስያሜዎች አጭር ሂስ

አንድ ሙያዊ ስያሜ ከሚመዘንባቸው መለኪያዎች ዋነኛው፣ ባለሙያው ብልሽት ሲገጥመው ወደ መንስኤው ይመራዋል ወይስ ያሳስተዋል የሚለው ነው። ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተመለሱትን «አገልጋይ አልባ»፣ «ራስ አልባ ብራውዘር» እና «ሂደት» የተሰኙትን ስያሜዎች በዚህ መለኪያ፣ በአንድ የታወቀ ብልሽት ላይ እንፈትናቸዋለን።

ብልሽቱ እንዲህ ነው። የአማዞን ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ላምዳ በተባለው የክላውድ አገልግሎት፣ ደንበኛው ፕሮግራሙን ብቻ ያቀርባል፤ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ኩባንያው ነው። ፕሮግራሙ ድረ ገጽን ወደ ፒዲኤፍ ለመለወጥ ክሮም የተባለውን ብራውዘር ያለ መስኮት ያስነሣል እንበል። ክሮም ለአንድ ገጽ እንኳ በርካታ ፕሮሰሶችን፣ በየፕሮሰሱም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ክሮችን ይፈጥራል። ጥሪው ሲጠናቀቅ ብራውዘሩ በሚገባ ካልተዘጋ እነዚህ በዚያው ይቀራሉ፤ ላምዳም ያንኑ የሥራ ከባቢ ለቀጣዩ ጥሪ መልሶ ሊጠቀምበት ስለሚችል ይከማቻሉ። ድምራቸው ለአንድ ከባቢ ከተፈቀደው 1,024 ሲደርስ ብራውዘሩ መነሣት ይሳነዋል፤ የሊነክስ ሥርዓትም «ሀብቱ ለጊዜው አይገኝም» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት ይሰጣል።

እንግዲህ ስያሜዎቹን እንመልከት። «ሽቦ አልባ» የተሳካ ቃል ነው፤ ሽቦው በእርግጥ የለምና። «አገልጋይ አልባ» ግን ያለውን የለም ይላል። አንባቢው የሰርቨር ገደብ የማይመለከተው ይመስለዋል፤ ብልሽቱ የሚመነጨው ግን ከዚያው ገደብ ነው። «ራስ አልባ» የሚለውም መሪ ወይም ማሰቢያ የጎደለው ያስመስላል። የጎደለው የሚታይ መስኮት ብቻ ነው፤ ብራውዘሩ በሌላው ሁሉ የተሟላ ስለሆነ ፕሮሰሶችን መፍጠሩን አይተውም።

ከሁሉ የሚከፋው «ሂደት» ነው። በአማርኛችን ሂደት የአንድን ነገር አካሄድ እንጂ አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር አካልን አይጠራም፤ በመሥሪያ ቤቶችም «የሥራ ሂደት» የክፍል መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ «1,024 ሂደቶች» ሲባል አንባቢው የጥሪዎች ብዛት ሊመስለው ይችላል። በመልእክቱ ውስጥ ያለው «ለጊዜው» የሚለው ቃልም፣ ትርጉሙ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ብቻውን ሲነበብ «ጠብቅ» የሚል ምክር ይመስላል። የተረፉት ፕሮሰሶች እስካልተወገዱ ድረስ መጠበቅ ፋይዳ የለውም፤ ማኅደረ ትውስታ መጨመርም ገደቡን አያሰፋውም።

ቃል በቃል የተበጁት ስያሜዎች አጭር መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን አጭርነት እውነትን የሚያስከፍል ከሆነ ዋጋው ከባድ ነው። ስለሆነም «መስኮት አልባ ብራውዘር» እና «ሰርቨሩ በአቅራቢው የሚተዳደር አገልግሎት» የሚሉትን እናቀርባለን፤ «ፕሮሰስ» ደግሞ የሚቆጠር መሆኑን እስኪተካከል ድረስ የሚገልጽ አገርኛ ቃል እስኪገኝለት እንዳለ ቢወሰድ እንመርጣለን። የብልሽቱ መፍትሔ ሥራው ቢሳካም ባይሳካም ብራውዘሩን መዝጋት ነው። አንባቢው ከአማርኛው ጽሑፍ ብቻ ተነሥቶ ወደዚህ መድረስ ከቻለ፣ ተርጓሚው ኃላፊነቱን ተወጥቷል እንላለን።