ሥጋ ውስጥ የሚደበቀው ቴርሞሜትር

ርዝመቱ 13 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእርሳስ ጥቂት ይቀጥናል። አብዛኛው አካሉ የማይዝግ ብረት ነው። አንደኛው ጫፉ ሥጋ እንዲወጋ ሾሏል። በሌላው ጫፍ አጭር ጥቁር ሴራሚክ አለው። ሽቦ የለውም፤ ማብሪያ የለውም፤ ቁጥር የሚታይበት መስኮትም የለውም። ከማኅደሩ ሲወጣ ራሱ ይሠራል። ቁጥሩን የሚያሳየው ስልክ ነው።

ሚተር ይባላል። በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ የተቋቋመው አፕሽን ላብስ የሠራው ገመድ አልባ የሥጋ ቴርሞሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኪክስታርተር ከሕዝብ ገንዘብ ተሰባሰበለት፤ በ2021 ደግሞ ትሬገር የተባለው የአሜሪካ የመጥበሻ ምድጃ ፋብሪካ ኩባንያውን ገዛው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመሳሳዮች መጥተዋል። እኔ ግን አሠራሩን ለማየት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ሐሳቡ ሳይሸፋፈን የሚታየው እሱ ላይ ነው።

ከእሱ በፊት በየቤቱ የነበረው ባለ ሽቦው ነው። መርፌው ሥጋው ውስጥ ይገባል፣ ሽቦው በኦቨኑ በር ጠርዝ ሾልኮ ይወጣል፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሳጥን ቁጥሩን ያሳያል። በሩ ሽቦውን ይጫነዋል። ሥጋው ሲገለበጥ ሽቦው ይጠማዘዛል። መጀመሪያ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ሽቦው ይቅር ከተባለ ግን ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሁሉ፣ ባትሪውም ቺፑም ሬዲዮውም፣ ኦቨን ውስጥ ሊገባ ነው። ኦቨኑ 200 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ደግሞ ከዚያ ግማሹን እንኳ በምቾት አይችልም።

የዚህ ዕቃ ሠሪዎች ባትሪውን በወፍራም መከላከያ ለመጠቅለል አልሞከሩም። ኦቨን ውስጥ ካለው ቦታ ሁሉ ቀዝቃዛው የቱ ነው ብለው ጠየቁ። መልሱ የሥጋው መሐል ነው። ስብ የሌለው ጥሬ ሥጋ ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነው። ውሃው ተንኖ እስካላለቀ ድረስ የሥጋው ውስጥ ከመፍያ ነጥብ አያልፍም፤ አየሩ 200 ቢሆንም ቢበልጥም። ጥሩ የተጠበሰ የበግ ታፋ የሚወጣው ደግሞ መሐሉ ገና 60 ሳይደርስ ነው። ስለዚህ ለሙቀት የሚሰጉት ክፍሎች በሙሉ በብረቱ ቧንቧ ውስጥ ተደርድረው ሥጋው ውስጥ ይቀበራሉ። መርፌው የሥጋውን ሙቀት ይለካል፤ ሥጋው መርፌውን ከእሳት ይጠብቃል።

ይህን ካወቃችሁ በኋላ የቀረው ዝርዝር ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ብረቱ ዙሪያውን የሚዞር አንድ መስመር አለ። ለጌጥ አይምሰላችሁ፤ መርፌው ቢያንስ እስከዚያ ድረስ መጥለቅ አለበት። መስመሩ ከውጭ ከታየ ባትሪው ጥላ አጥቷል ማለት ነው። ሥጋው ስስ ከሆነ ከላይ መውጋት አይሆንም፤ ከጎን በርዝመቱ ይገባል። ሹሉ ጫፍ ላይ ያለው መለኪያ እስከ 100 ዲግሪ ይችላል። ሴራሚኩ ጫፍ ላይ ያለው፣ የአየሩን ሙቀት የሚያነበው ሁለተኛው መለኪያ፣ እስከ 275 ዲግሪ ይታገሣል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው የትኛው ወገን ሥጋ ውስጥ እንደሚገባና የትኛው እሳት ፊት እንደሚቀር መመሪያውን ሳያነብ ይረዳል።

ከውጭ የሚቀረው ለምን ሴራሚክ ሆነ? ሙቀት ስለሚችል ብቻ አይደለም። ብረት የሬዲዮ ሞገድ ያግዳል፤ ሴራሚክ ያሳልፋል። ወደ ስልኩ የሚሄደው የብሉቱዝ ሞገድ የሚወጣው በዚሁ በኩል ነው። መንገዱ ግን ቀላል አይደለም። ብሉቱዝ የሚጠቀመው 2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀውም በዚሁ ሠፈር ነው። እርጥብ ሥጋ ሞገዱን ይመጠዋል ማለት ነው። ከዚያ ላይ ኦቨን ማለት የብረት ሣጥን ነው። ለሞገዱ የተሻለው መውጫ የበሩ መስተዋት ነው። ለዚህም ነው አምራቹ በግልጽ ቦታ 10 ሜትር ይደርሳል ያለው ዕቃ ኦቨን ውስጥ ሲገባ ክልሉ የሚያጥረው። ሴራሚኩን ወደ በሩ ማዞር ይረዳል። ኋላ የወጣው ሚተር ፕላስ መፍትሔውን ማኅደሩ ላይ አደረገ፤ ማኅደሩ ኦቨኑ አጠገብ ሆኖ ከመርፌው የሰማውን አጉልቶ ወደ ሩቁ ስልክ ያስተላልፋል።

ማኅደሩ ራሱ በእጅ ሊያዝ የሚገባው ነው። ከእንጨት የተሠራ ሲሆን መርፌው የሚገጥምበት ቦይ ተፈልፍሎለታል። ጀርባው ላይ ማግኔት ስላለው ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል። ኃይሉን የሚያገኘው ከአንዲት ቀጭን የሪሞት ድንጋይ ነው፤ መርፌው ቦዩ ውስጥ ሲተኛ ከውስጡ ብረቶች ጋር ይነካካና ይሞላል። ገመድ የለም፣ ቻርጀር ፍለጋ የለም። አንድ ጊዜ የሞላ መርፌ 24 ሰዓት ያህል ይሠራል። ሴራሚኩ ላይ የደረቀ ስብ ከቀረ ግን ንክኪው ይበላሻል፤ አልሞላም ያለ መርፌ አብዛኛውን ጊዜ ያልታጠበ መርፌ ነው።

አሁን አንድ የበግ ታፋ እንያዝ። አጥንቱ በሰያፍ ያልፍበታል። የመርፌው ጫፍ በወፍራሙ ሥጋ መሐል፣ ከአጥንቱ ራቅ ብሎ ማረፍ አለበት፤ አጥንትና ሥጋ ሙቀት የሚያስተላልፉት እኩል ስላልሆነ አጥንት የነካ መርፌ የሚነግረው ስለ ሥጋው አይደለም። ከፍሪጅ የወጣ ታፋ ሲጀምር 4 ወይም 5 ዲግሪ ያሳያል። መጀመሪያ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ሙቀቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ሽፋን በሽፋን እየተሻገረ ስለሆነ መሐሉ ወሬው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከዚያ መውጣት ይጀምራል፤ አንዴ ከጀመረም በየደቂቃው የሚጨምረው ብዙ አይለዋወጥም። ስልኩ «ይህን ያህል ደቂቃ ቀርቷል» ማለት የሚችለው ከዚህ ጎዳና ተነሥቶ ነው።

የአየሩ ቁጥር ሌላ ታሪክ አለው። ኦቨኑን 180 ላይ አድርጋችሁ መርፌው 150 ወይም ከዚያ በታች ቢያሳያችሁ ጥገና ቤት አትሩጡ። መለኪያው የተቀመጠው ሥጋው ጎን ነው። ከሥጋው የሚተነው ውሃ አጠገቡ ያለውን አየር ያቀዘቅዛል። ሥጋው በእርግጥ የሚያገኘው ሙቀት ይህኛው ነው፤ የኦቨኑ መዘውር የሚናገረው ስለ ባዶ ኦቨን ነው።

ይኸው ትነት ፍሪምባ ላይ ጎልቶ ይታያል። በ110 ወይም በ120 ዲግሪ ቀስ ብሎ የሚበስል ትልቅ ፍሪምባ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቆማል። ሰዓታት ያልፋሉ፣ ቁጥሩ እዚያው ነው። ሥጋው ስላላበው ነው፤ ከላዩ የሚተነው ውሃ የሚወስደው ሙቀትና ከእሳቱ የሚገባው ሙቀት ተመጣጥነዋል። ያልገባው ሰው እሳት ይጨምራል። የገባው በፎይል ይጠቀልለዋል ወይም ይጠብቃል። የፍሪምባ ጅማት በደንብ ወደ ልስላሴ የሚቀየረው እስከ 95 ዲግሪ ድረስ በቀስታ ሲዘልቅ ነው።

ሥጋውን በአንድ ጫፉ ብቻ የሚለካ መርፌ ድካሙ ያለው ቀዝቃዛውን ነጥብ እጃችሁ ማግኘት አለበት የሚለው ላይ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር መሳት ብዙ ዲግሪ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውን «ሞደርኒስት ኩዚን» አብሮ የጻፈው ክሪስ ያንግ በኮምበስሽን ኩባንያው ያወጣው መርፌ ለዚህ የሰጠው መልስ ያምራል፤ በርዝመቱ ስምንት መለኪያዎች ደርድሮ ከመካከላቸው ዝቅተኛውን የሚያነበውን እንደ መሐል ይወስዳል። እጅ ቢስትም መሣሪያው ያርማል። እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ዕቃ ይልቅ ይህኛው እንደሚበልጥ መካድ አይቻልም።

ታፋው 57 ወይም 58 ሲል ከኦቨን ይውጣ። ውጭ ያለው ሙቀት ወደ ውስጥ መግባቱን ስለማያቆም ትሪው ላይ ተቀምጦም ጥቂት ዲግሪ ይጨምራል። መርፌውን ከማውጣት ተቆጠቡ፤ ሽቦ ስለሌለው አብሮ ማረፍ ይችላል፣ ቁጥሩ ወጥቶ ወጥቶ መውረድ ሲጀምርም ታያላችሁ። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለሙሉ ሙዳ 63 ዲግሪና የሦስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ለተፈጨ ሥጋ 71፣ ለዶሮና ለተርኪ 74 ይላል። ለታንክስጊቪንግ ተርኪ ኦቨን የሚያስገቡ የዋሽንግተንና የአካባቢው ወገኖቻችን የመጨረሻዋን ቁጥር ቢይዟት ይጠቅማቸዋል፤ የደረቀ ፈረሰኛ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ «ለማንኛውም ትንሽ ይቆይ» ከማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቴርሞሜትር የሚፈትሹ ሰዎች የፈላ ውሃ ውስጥ ከተው 100 ይጠብቃሉ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መርፌው 92 ቢል ትክክል ነው። መፈተሽ ከፈለጋችሁ የተፈጨ በረዶ ላይ ጥቂት ውሃ ጨምሩና ዜሮ ማንበቡን እዩ፤ ይህ የትም አገር አንድ ነው። ፍሪምባን 95 አድርሱ የሚል የባሕር ዳርቻ አገር መመሪያም እዚህ አይሠራም። ሥጋው እርጥበት እስካለው ድረስ ቁጥሩ 92 ገደማ ላይ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጊዜ ስጡትና መርፌው ሲወጋ ያለ ትግል መግባቱን ተመልከቱ።

ለወጥ አይጠቅምም፤ ለጥብስ የተከተፈ ሥጋም መርፌውን አይሸፍነውም። ክትፎውን ለብለብ የሚወድም አያስፈልገውም። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ኦቨን ለሚከፍት ሰው በእጅ ተይዞ በሴኮንዶች የሚያነብ ርካሽ ቴርሞሜትር ይበቃዋል። ሙሉ ታፋ፣ ሙሉ ዶሮ ወይም ፍሪምባ በየጊዜው የሚጠብስ ግን ይግዛው፤ ከገዛውም መስመሩ ሳይጠልቅ በሩን አይዝጋ።