ስለ ኤልያስ ስሜ የሽቦ ሥዕሎች

ከመቶ ዓመት ወዲህ ሥዕል በቀለምና በሸራ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ቀርቷል። ሠዓሊው እጁ የደረሰበትን ሁሉ፥ ቆርኪውንም ክሩንም ሽቦውንም፥ እንደ ሕፃን እያነሣ ይደረድራል፤ መልሶም ያፈርሳል። ይህን ያየ ብዙ ሰው «ጨዋታ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም» ይላል። ነቀፌታው በቸልታ የሚታለፍ አይደለምና በአንድ ሠዓሊ ሥራ ሊመረመር ይገባል።

ኤልያስ ስሜ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደ፤ በዚያችው ከተማ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1990 ዓ.ም. ወጣ። አስቀድሞ የልብስ ቁልፍና ቆርኪ ይሰበስብ፥ በሸራም ላይ በክር ይሰፋ ነበር። ኋላ ግን ከመርካቶ አሮጌ የኮምፒዩተርና የስልክ ዕቃ እየሰበሰበ፥ ሽቦውን እንደ ሹሩባ እየጎነጎነ በጣውላ ላይ በምስማር ይመታው ጀመር። ይህን ተከታታይ ሥራ በእንግሊዝኛ «ታይትሮፕ» ብሎ ሰየመው፤ በአየር ላይ የተወጠረ ገመድ ማለት ነው። በ2022 ዓ.ም. ሥራው በቬኒስ ቢያናሌ ትርኢት ቀረበ።

ሥዕሎቹን ከሩቅ ያየ ሰው ከተራራ ራስ ቁልቁል የሚታይ እርሻ ይመስለዋል። ሲቀርብ ግን ቢጫውም ቀዩም አረንጓዴውም ከፋብሪካ ለብሶት የወጣው የሽቦው ልብስ ሆኖ ያገኘዋል። ሠዓሊው ቀለሙን አይቀምምም፤ ፈልጎና ለይቶ ያገኘዋል እንጂ። አንድ ሰሌዳ ለመሙላት ስንት ሽቦ እንደሚጎነጎን ያሰበ ሰው ይህን ጨዋታ ሥራ ፈትነት ብሎ አይጠራውም።

በቅኔ ኅብር በሚባለው መንገድ አንዱ ቃል ሳይለወጥ ሰሙንም ወርቁንም ይሸከማል። የኤልያስም ሽቦ እንዲሁ ነው፤ እርሻ ሲሆን ሽቦነቱን አልተወም፤ ሰው ተነጋግሮበት፥ ጽፎበት፥ በመጨረሻም የጣለው ዕቃ መሆኑ አልጠፋም። ስለዚህ «ጥራጊውን ወርቅ አደረገው» ብሎ ማመስገን ስሕተት ነው። ወርቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጣልነውን ማን ያሳስበን ነበር?

ይሁን እንጂ ሥራው ነቀፌታ የሌለበት አይደለም። በአንዳንዶቹ ሰፋፊ ሰሌዳዎች ጉንጉኑ እጅግ ከመስተካከሉ የተነሣ ዓይን እንደ ስጋጃ ተመልክቶት ጠግቦ ያልፋል፤ ሰሙ ፈጽሞ ቀልጧል። የበለጡት ግን የኪቦርድ ፊደልና የተሰበረ ሰሌዳ በመካከል ብቅ እያሉ ተመልካችን የሚያስደነግጡት ናቸው።

የጨዋታውም መለኪያ ይህ ነው። ሕፃን ከጭቃ ቤት ሲሠራ ጭቃ መሆኑን ያውቃል፤ ሠዓሊም ይህን ባልዘነጋ ጊዜ ጨዋታው ጥበብ ይሆናል።