የአባባ ተስፋዬ ዝምታ

አባባ ተስፋዬ ካሜራ ፊት ከሠሩት ሥራ ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ዝም ያሉበት ጊዜ ነው። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ይላሉ፤ ከዚያ ዝም። ረጅም ዝምታ አይደለም። አንድ ልጅ አፉን ሞልቶ «ጤና ይስጥልኝ አባባ ተስፋዬ!» ብሎ እስኪጨርስ ብቻ ነው። ልጁ ሲጨርስ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይቀጥላሉ። ልጁ ግን ስቱዲዮ ውስጥ የለም። ያለው ቤቱ ነው፤ ምናልባትም አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ ባልራቀ የፋብሪካ ሠራተኛ ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ። ያቺን ክፍተት የለካት ሰው የማያየውን ልጅ ትንፋሽ ቆጥሮ ነው የለካት።

ስለ ኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲወራ የሚወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዜናውና ጣቢያውን ስለያዙት መንግሥታት ነው። ይወራ፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሸማኔን በጥለቱ የሚያደንቅ ሕዝብ ካሜራ ፊት ለሚቀመጥ ባለሙያም እንዲሁ ቀረብ ብሎ ሥራውን ሊያይለት ይገባል ባይ ነኝ። የአባባ ተስፋዬ የቴሌቪዥን ፕሮግራም «የልጆች ጊዜ» ደግሞ ቀርበው ሲያዩት የማያሳፍር ሥራ ነው።

አቃቂ ላደግን ሰዎች ነገሩ ሌላም ትርጉም አለው። የኢትዮጵያ ድምፅ በሬዲዮ የተሰማው መጀመሪያ ከዚሁ ከአቃቂ ነው። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ጥር 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተመረቀ። መስከረም 2 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ ተከማችቶ ሳለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ጣሊያኖች በሠሩት ጣቢያ ለዓለም ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሬዲዮ ልደቱን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። የሙያው ትልቅ ጥያቄም የተወለደው ያን ዕለት ይመስለኛል፦ ሰው ለማያየው፣ መልሱንም ለማይሰማው አድማጭ እንዴት ይናገራል? ንጉሥ ሲሆን አዋጅ ይናገራል፤ አዋጅ መልስ አይጠብቅም። ከዚያ በኋላም ማይክሮፎን ፊት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ለብዙ ዘመን ድምፁን እንደ አዋጅ ነጋሪ ከፍ ያደርግ ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ቴሌቪዥን ሲጀመር ይኸው ጥያቄ ከነምስሉ መጣ። ቶምሰን የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ጣቢያውን በማቋቋም ረዳ። ስቱዲዮው አርቱሮ ሜዜዲሚ በነደፈው በአዲሱ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሆነ። ካሜራውም፣ መብራቱም፣ ማሠራጫውም በመርከብ ይመጣል። ለአምስት ዓመት ኢትዮጵያዊ ልጅ በመስተዋት በኩል እንዴት እንደሚወራ የሚያስተምር ግን ከዕቃው ጋር አብሮ አልመጣም። እሱን እዚሁ መሥራት ነበረብን፤ የሠሩትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ የእኛ አባባ ተስፋዬ፣ ናቸው።

በ1916 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ የተወለዱት ተስፋዬ ቴሌቪዥን ሲመጣ የ40 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ከኋላቸውም ረጅም የመድረክ ዘመን ነበራቸው። ሴቶች መድረክ ላይ በማይወጡበት ጊዜ የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ከቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ጋር ኮሪያ ድረስ ሄደው ዘማቹን አጫውተዋል። ሙዚቃም፣ ምትሐትም ያውቁ ነበር። ይህን የምዘረዝረው ለማዕረግ ብዬ አይደለም። ሴት ሆኖ የሚጫወት ወንድ ጉልበቱን ትቶ በዓይኑ፣ በጣቱና በትከሻው መናገር ይማራል። ጦር ሜዳ የሚያጫውት ሰው ደግሞ የደከመውንና የናፈቀውን ሰው ዓይን በአንድ አፍታ መሳብ ይማራል። ቲያትር ቤት ድምፅ ወደ መጨረሻው ወንበር ይላካል፤ ቴሌቪዥን ላይ ተመልካቹ ያለው ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ነው። ብዙ የመድረክ ሰዎች ካሜራ ፊት ሲቀርቡ ይህን ማስተካከል ያቅታቸዋል፤ ይጮኻሉ፣ እጃቸውን ይወረውራሉ። አባባ ተስፋዬ ግን መድረኩን ሁሉ ሰብስበው ፊታቸው ላይ አስቀመጡት። ቅንድባቸው መጋረጃ ሆነ።

ተረት ሲጀምሩ ልብ ብላችሁ ከሆነ መጀመሪያ የሚያደርጉት መቀመጥ ነው። በደንብ፣ እንደማይቸኩል ሰው። ከዚያ «ተረት ተረት»፤ እዚህ ላይም ያቺው ክፍተት አለች፤ «የላም በረት» የሚለው የእኛ ድርሻ ነው። ጅቡ ሲናገር ድምፃቸው ይወፍራል፣ ይጎተታል። ጦጣዋ ስትናገር ይፈጥናል። አንገታቸውም አብሮ ይዞራል፤ አንደኛው እንስሳ ወደ ቀኝ እያየ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ወደ ግራ እያየ ይመልሳል፣ ተራኪው ሲመለስ ዓይኑ ቀጥ ብሎ ልጁ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድ ወንበርና አንድ ሰው ብቻ ባለበት ስቱዲዮ ውስጥ ልጁ ሦስት ሰው ያያል፤ ማን እየተናገረ እንደሆነም ለአፍታ እንኳ አይምታታበትም። ዛሬ ይህንኑ ለመሥራት ሦስት ካሜራና አንድ አርታኢ ያስፈልጋል።

ደግሞ አማርኛችን ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጥሩ ተራኪ ይህን ያውቃል፣ ይጠቀምበታልም። «ጅቡም… ቀስ ብሎ… በሩን…» ይሉና ያቆማሉ። ቅንድብ ከፍ ይላል። ቤት ያለው ልጅ ሁሉ ግሱን አፉ ላይ ይዞ ይጠብቃል፤ የማይታገሰውም «ከፈተው!» ብሎ ይጮሃል። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ቀስ ብለው «ከፈተው» ይላሉ። ልጁ ተረቱን ሰማ ብቻ አይባልም፤ ከእሳቸው ጋር ተረተው እንጂ።

ቋንቋውን ለልጅ ብለው አላኮላተፉትም። ይህን ከሁሉ አብልጬ አመሰግንላቸዋለሁ። ቃሉ ሙሉ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩ ከነክብሩ ይመጣል። ያልገባው ቃል ያለው ልጅ እናቱን ይጠይቃል፤ እናቲቱ ካላወቀች አያት ትጠየቃለች፤ ቅዳሜ ምሽት ቤቱ በአንድ ቃል ይወያያል። ከተረቱ በኋላ የሚመጣው ምክር አንዳንዴ ይረዝም እንደነበር አልክድም፤ ጥሩ ተረት ምክሩን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳልና። ግን እሱም ቢሆን የዘመኑ አባት ወግ ነበር፣ ከልብ የሚመጣ።

ስቱዲዮ የሚመጡት ልጆች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። አንዱ መዝሙር ሊያቀርብ፣ አንዷ ቀልድ ልትናገር ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ ትመጣለች። መብራቱ ሲበራ ግን ትደርቃለች። የያዘችው ሁሉ ይጠፋባታል። ይህን ጊዜ ችኩል አቅራቢ ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን፤ ቃሉን ከአፏ ነጥቆ ይጨርስላታል፣ ወይም «እሺ ጎበዝ» ብሎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። አባባ ተስፋዬ ጎንበስ ብለው እስኪመጣላት ይጠብቃሉ። ፊታቸው ላይ መጨነቅ የለም። ቴሌቪዥን ሰዓቱን እየቆጠረ እሳቸው ልጅቷን ይጠብቃሉ። ያ ትዕግሥት ቤት ላለው ዓይናፋር ልጅ ምን ያህል ትምህርት እንደነበር እኔ ምስክር ነኝ።

አቃቂ ላይ ይህን ሁሉ ለማየት መጀመሪያ ጣሪያ መውጣት ያስፈልግ ነበር። ማሠራጫው ያለው ከእኛ በምዕራብ በኩል ባለው ፉሪ ተራራ ላይ ስለሆነ የሰፈሩ አንቴና ሁሉ ፊቱን ወደ ፀሐይ መግቢያ አዙሮ ይቆማል። ነፋስ ሲመታው ይዞራል፤ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ወንድም ቆርቆሮ ላይ ሆኖ «መጣ?» ይላል። ከውስጥ «ትንሽ ወደ ቀኝ… መጣ፣ መጣ! ሄደ! በቃ ተወው፣ እንዳትነካው!» ይባላል። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበርና የጎረቤት ልጅ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይታጨቃል፤ ቴሌቪዥን የሌለው ደግሞ ቀበሌ አዳራሽ ይሄዳል። የምስሉን ጥራት የማነሳው በምክንያት ነው። ምስሉ በጠፋ ጊዜ ድምፃቸው ብቻውን ተረቱን ይዞ ይዘልቃል፤ ድምፁ በተቆራረጠ ጊዜ ደግሞ ፊታቸው ይነግረናል። ሥራው በሁለቱም እግር የቆመ ስለነበር አንዱ ቢታጠፍ አይወድቅም።

ከዚሁ ጣቢያ ስለወጣ ሌላ ሥራም ላንሳ፤ የአባባ ተስፋዬ ሥራ ፍጹም ተቃራኒ ስለሆነ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. ስለ ወሎ ረሃብ ፊልም ሠርቶ ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደርግ ያንን ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ግን እንዳለ አይደለም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ኬክና ሻምፓኝ፣ ንጉሡም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል እየገባ ተቀጥሎ ነበር። አንድም ቃል ሐሰት መናገር አላስፈለገም፤ መቀሱና ማጣበቂያው ተናገሩ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እንደ ሥራ ካየነው በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታሪክ እንደዚያ ምሽት የሠራ አርትዖት የለም። ኃይሉ የመጣው ተመልካቹ በሁለቱ ምስሎች መካከል የሚያስብበት ጊዜ ስላልተሰጠው ነው። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ተደብቆም ነበር፤ ያ አይካድም። ነገር ግን ተመልካች መልስ እንዳይሰጥ ተደርጎ የተሠራ ሥራ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተመቸን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ያው ጣቢያ በሦስት መንግሥታት ሥር ሲያልፍ፣ በ1977 መጀመሪያ የደርግ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ቀለም ሲገባለት፣ የምሽቱ የሁለት ሰዓት ዜና ቃናው ከዘመን ዘመን ሲቀያየር የአባባ ተስፋዬ ቃና አልተለወጠም። ደምሴ ዳምጤን የመሰሉ የኳስ ድምፆች፣ በኋላም እንደ «ገመና» ያሉ ተከታታይ ድራማዎች የየራሳቸው ሙያ አላቸው፤ ሌላ ጊዜ ራሳቸውን ችለው ሊጻፍላቸው ይገባል። «የልጆች ጊዜ» ግን ከ1957 እስከ 1998 ዓ.ም. በአንድ ሰው እጅ ቆየ። ጣቢያው ራሱ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሆነ። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አረፉ።

ዛሬ ለልጅ የሚሠራው ፕሮግራም በዝቷል፤ በሳተላይትም፣ በስልክም። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ሙዚቃው አያቋርጥም፣ ምስሉ በየሁለት ሰከንዱ ይቆረጣል። ብዙዎቹን ከልጆች ጋር ተቀምጬ አይቻለሁ። ልጆቹ ዓይናቸው ፈጦ፣ አፋቸው ተዘግቶ ያያሉ። አቅራቢው «እሺ ልጆች!» ይልና መልሱን ሳይጠብቅ ራሱ ይመልሳል። ድካሙ ይታየኛል፤ የጎደለው ገንዘብ አይደለም። የጎደለው ሁለት ሰከንድ ነው፤ እሱም በነፃ ይገኛል።

ስለዚህ የልጆች ፕሮግራም የምታዘጋጁ ወጣቶች፣ የአባባ ተስፋዬን ቅጂ ፈልጋችሁ ድምፁን አጥፍታችሁ አንዴ፣ ምስሉን ሸፍናችሁ አንዴ እዩት፤ የት የት ላይ እንደሚያቆሙም ጻፉ። ኮርፖሬሽኑም በማህደሩ ያለውን ለተማሪና ለባለሙያ ክፍት ቢያደርግ ሥራው የሀገር ነው። በየቤታችሁ ቁምሳጥን ላይ ከቴሌቪዥን የተቀዳ አሮጌ የቪዲዮ ካሴት ያላችሁ፣ በተለይ እናንተ የአቃቂና የቃሊቲ ሰዎች፣ እባካችሁ አትጣሉት። የካሴት ክር በእርጥበትና በዕድሜ ይበላሻል፤ ሳይበላሽ ዲጂታል አስገልብጡት፤ ለልጆቻችሁም አሳዩአቸው።