የሐዋሳ ወጣቶች የአባላዘር ጤና ጥናቶች ምን ቈጠሩ?

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማትና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወጣቶችን የግብረ ሥጋ ጠባይና የአባላዘር በሽታዎችን የሚመለከቱ ጥናቶች ከዓመት ወደ ዓመት በርክተዋል። ሐዋሳም ከእነዚሁ ጥናቶች የድርሻዋን ያህል አስተናግዳለች። ዩኒቨርሲቲ፥ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፥ የመንግሥትና የግል ትምህርት ቤቶች በአንድ ከተማ ተሰባስበው ስለሚገኙ ለአጥኚ የተመቸች ናት። የጥናቶቹ አሠራር በአመዛኙ አንድ ዐይነት ነው። ከተማሪዎች መዝገብ ናሙና በዕጣ ይወጣል፤ መጠይቅ ይታደላል፤ መልሱ ተደምሮ በመቶኛ ይሰላል፤ ከዚያም መጠጥ፥ ጫትና የመሳሰሉት ከመልሱ ጋር ያላቸው ተዛምዶ በሠንጠረዥ ይቀርባል። በማጠቃለያው ላይ የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት ይጠናከር የሚል ዐረፍተ ነገር ይሰፍራል። ወደ ሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ ጠረጴዛ የሚደርሰው ይኸው ዐረፍተ ነገር በመሆኑ፥ ከምን ማስረጃ እንደ ተነሣ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም።

የአጠያየቁን አብነት በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቅ ውስጥ ማየት ይቻላል። ተጠያቂው አስቀድሞ ግብረ ሥጋ ፈጽሞ ያውቅ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ፈጽሞ አያውቅም ከተባለ የቀሩት ጥያቄዎች ይዘለላሉ። አዎን ያለው ግን ባለፉት 12 ወራት በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ በሽታ ይዞት እንደ ነበር፥ ያልተለመደ ፈሳሽ ወይም በብልቱ ላይ ቍስል አይቶ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ከዚህ የሚገኘው ድምር በሠንጠረዥ ላይ የአባላዘር በሽታ መጠን ተብሎ ይነበባል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተቈጠረው ሦስት ማጣሪያዎችን አልፎ የመጣ መልስ እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ተጠያቂው ግንኙነቱን ማመን፥ ምልክቱን ማየት፥ ያየውንም ለመናገር መድፈር አለበት። ጓደኛው በትከሻው በኩል ሊያነብ በሚችልበት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቅጹን የምትሞላ ልጃገረድ ከሦስቱ በስንቱ እንደምታልፍ ለመምህራን ማስረዳት አያሻም።

የመካከለኛው ማጣሪያ ከሁሉ የከፋ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በዓለም ላይ በአራቱ ሊድኑ በሚችሉ የአባላዘር በሽታዎች፥ ይኸውም በክላሚዲያ፥ በጨብጥ፥ በቂጥኝና በትሪኮሞናስ፥ 374 ሚሊዮን አዲስ መያዞች መከሠታቸውን ገምቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ምልክት የማያሳዩ ወይም ምልክታቸው እጅግ ቀላል የሆነ ናቸው። በተለይ ክላሚዲያ የያዛቸው ሴቶች አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ፤ ሕመሙ ወደ ማሕፀንና ወደ ማሕፀን ቱቦ ሲዘልቅ መካንነትን ሊያስከትል ይችላል። የቂጥኝ የመጀመሪያው ቍስል አያምም፤ ያለ መድኃኒትም ይጠፋል፤ በሽታው ግን በደም ውስጥ ይቀራል፤ ከእናት ወደ ፅንስም ይተላለፋል። በአንጻሩ ደግሞ ብዙ ሴቶች ያልተለመደ ፈሳሽ አየን የሚሉት በግብረ ሥጋ ከሚተላለፍ በሽታ ሳይሆን በማሕፀን በር አካባቢ ከሚገኙ ተሕዋስያን ሚዛን መዛባትና ከእርሾ መሰል ፈንገስ የተነሣ ነው። እንግዲህ ጥያቄው በሽታው ያለባትን ይዘላል፥ የሌለባትን ይቈጥራል። በሁለቱ ስሕተቶች መካከል የተገኘ መቶኛ፥ አኃዙ እስከ ነጥብ አንድ ተሰልቶ ቢቀርብም፥ ለዕቅድ አውጪ መሠረት ሊሆነው አይችልም።

የቋንቋውም ነገር እዚህ ላይ ይገባል። አማርኛ ለእነዚህ በሽታዎች ጥንታዊ ስሞች አሉት፤ ጨብጥ፥ ቂጥኝ፥ ከርክር፥ ባምቡሌ። ሁሉም በዐይን የሚታይ ነገርን፥ መግልን ወይም ቍስልን ወይም እብጠትን የሚያስታውሱ ናቸው። ለክላሚዲያ የአገር ስም አልወጣለትም፤ የማይታይን ነገር ማን ስም ያወጣለታል። ጨብጥ በጠራራ ፀሐይ ወይም በጨረቃ ብርሃን በመሽናት ይይዛል የሚለው የቈየ አባባልም የሚናገረው ስለሚሰማ ማቃጠል ነው። ተማሪው የአባላዘር በሽታ የሚለውን ቃል በመጠይቁ ላይ ሲያነብ ይህን ሁሉ ይዞ ያነባል። ምልክት ካላየ አልያዘኝም ብሎ ይመልሳል፤ በራሱ አስተሳሰብ ሲመዘንም አልዋሸም።

በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት የሚከተለው መሥመርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተለመደው አቀራረብ አምጪ ተሕዋስ፥ መተላለፊያ፥ ምልክት፥ መከላከያ የሚል ቅደም ተከተል ነው፤ ፈተናውም ምልክትን ከበሽታ ጋር ማዛመድ ነው። አጥኚው ምልክት ይጠይቃል፥ መምህሩ ምልክት ያስተምራል፥ ተማሪው ምልክት ይሸመድዳል፤ ከዚያ አጥኚው ተመልሶ የተማሪው ዕውቀት ማደጉን ይለካል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ፤ ምልክት የሌለባት ልጃገረድ ግን ከትምህርቱም ከቍጥሩም ውጪ ትቀራለች። በኤች አይ ቪ ረገድ ይህ ጉድለት ቀደም ብሎ ታርሟል። ጤነኛ መስሎ የሚታይ ሰው ቫይረሱ ሊኖርበት እንደሚችል ማወቅ አጠቃላይ ዕውቀት ከሚባለው መለኪያ አንዱ ክፍል ነው። በ2008ቱ ጥናት ይህን መለኪያ በሙሉ ያሟሉት ከ15 እስከ 24 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 24 በመቶ፥ ከወንዶች 39 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሥራው አለመጠናቀቁን ያሳያል፤ ነገር ግን ጥያቄው ቢያንስ ተጠይቋል። ስለ ጨብጥና ስለ ክላሚዲያ ይህን የመሰለ ጥያቄ ከመጠይቆቹ መካከል ማግኘት ያስቸግራል።

የሚነገረውና ያለው ነገር ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ በጎረቤት አህጉራዊ ተሞክሮ ታይቷል። በታንዛኒያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በሙዋንዛ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሜማ ክዋ ቪጃና የተባለ ሰፊ ሙከራ ተካሂዷል። 20 የገጠር አካባቢዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው በ10ሩ መምህራን የሥነ ተዋልዶ ጤና ትምህርት ሰጡ፥ ጤና ጣቢያዎችም ለወጣቶች እንዲመቹ ተደረገ። በመጠይቅ ሲለካ ዕውቀቱ ጨመረ፤ አመለካከቱም ተሻሻለ። ደምና ሽንት ተመርምሮ በኤች አይ ቪና በብልት ሄርፒስ ሲለካ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ክትትልም ውጤቱ አልተለወጠም። ከዚህም ሌላ ምርመራው ግብረ ሥጋ መፈጸማቸውን ካረጋገጠባቸው ወጣቶች ብዙዎቹ በመጠይቁ ላይ ፈጽመን አናውቅም ብለው ነበር፤ ይህም ከወንዶቹ ይልቅ በልጃገረዶቹ ላይ ጐልቶ ታየ። የሙዋንዛ አጥኚዎች መልስ ብቻ ቈጥረው ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ተሳካ ብለው በዘገቡ ነበር። የሐዋሳ ጥናቶች ይህን ሁለተኛ መለኪያ ይዘው የሚነሡት እምብዛም ነው። የሽንት ምርመራ ውድ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም ከናሙናው ጥቂቱን መርምሮ የቀረውን መልስ በዚያ ማረም ይቻላል።

ናሙናውም ቢሆን በክፍል ውስጥ የተቀመጠውን ብቻ ይይዛል። በ2008ቱ አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆኑ ሴቶች ግብረ ሥጋ የጀመሩበት መካከለኛ ዕድሜ 16.6 ዓመት ነው፤ የወንዶቹ 21.2። ግማሾቹ ሴቶች 17 ዓመት ሳይሞላቸው ጀምረዋል ማለት ነው፤ ብዙዎቹም ትዳር ውስጥ ገብተው ነው። በዚህ ዕድሜ ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ በዩኒቨርሲቲ ናሙና ውስጥ ልትገኝ አትችልም። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞችን ወደ ከተማዋ አምጥቷል፤ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፥ በጋራ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተሞች በደም ምርመራ በተካሄደው ጥናት ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት የሆኑ ሴቶች 4.1 በመቶ፥ ወንዶች 1.9 በመቶ ነበሩ። ሸክሙ የት እንዳለ ደሙ ይናገራል፤ የተማሪዎቹ መጠይቅ ግን ብዙ ጊዜ ወንዶቹን ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጡ አድርጎ ያቀርባል፤ ምክንያቱም ይበልጥ የሚናገሩት ወንዶቹ ናቸው።

የጫትና የመጠጥ ሠንጠረዦችን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአንድ ቀን የተሞላ ቅጽ የትኛው ከየትኛው እንደ ቀደመ አያሳይም። አንዱን ድፍረት የሚያምን ተማሪ ሌላውንም ለማመን አይቸገር ይሆናል።

ለሥርዓተ ትምህርት የሚተርፈው ፍሬ ነገር ግን ግልጽ ነው። ያለ ምልክት መያዝ በምዕራፉ መጨረሻ እንደ ማስታወሻ ከሚቀመጥ ይልቅ ምዕራፉን ቢከፍት፥ ምልክቶቹም ከዚያ በኋላ ጥቂቶች ብቻ የሚያዩአቸው ተብለው ቢቀርቡ፥ ተማሪው ምርመራን ከሕመም ጋር ብቻ ማያያዙን ይተዋል። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ለመምህራን ጥሩ መግቢያ ከፍቶላቸዋል፤ የማይታይ፥ የማያምም፥ ከዓመታት በኋላ የሚጐዳ መያዝ ምን እንደ ሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ቀሪው የቅጹ ቋንቋ ነው። የ2008ቱ አገር አቀፍ መጠይቅ የተተረጐመው በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በትግርኛ ነበር። ሲዳሙ አፎ ከእነዚህ መካከል አልነበረም፤ ፈሳሽና ቍስል የሚሉት ቃላት ቃለ መጠይቁ በሚካሄድበት ደጅ ላይ፥ እንደ ጠያቂው ችሎታና እንደ ኀፍረቱ መጠን፥ ተተረጐሙ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በሲዳማ አካባቢ ልጆች በዚህ ቋንቋ ተምረዋል፤ ቋንቋውን የሚያስተምሩ መምህራንም በሐዋሳ ይሠለጥናሉ። ቃላቱን ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተቀምጦ መምረጥ፥ ከዚያም ከተማሪዎች ጋር አንድ በአንድ መፈተን፥ የአንድ የክረምት ወራት ሥራ ነው።