ብርቅ የሚባለው ፋኖስ የትኛው ነው?

ያረጀ ዕቃ መሰብሰብ መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ የሰበሰበ ሁሉ ጠበቀ አይባልም፤ ዕቃውን ከታሪኩ ለይቶ በግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ያተረፈው ቆርቆሮውን ብቻ ነውና። በዘመናችን በብዙ አገር የጥንት የላምባ ፋኖስ እያደኑ የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ በእኛም አገር አሮጌ ፋኖስ የቡና ቤት ጌጥ ሆኖ ይታያል። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህ ልማድ በምን እንደሚመሰገንና በምን እንደሚነቀፍ ደገሀቡርን ምሳሌ አድርገን እንመርምር።

አስቀድሞ የፋኖሱን ትውልድ ማወቅ ያሻል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. ኢግናሲ ሉካሼቪች የተባለ የፖላንድ መድኃኒት ቀማሚ የሠራው የላምባ መብራት በልቮፍ ከተማ ሆስፒታል በራ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካው ዲትዝ፣ ኋላም የጀርመኑ ፎየርሀንድ ነፋስ የማያጠፋውን ባለ ማንጠልጠያ ፋኖስ አብዝተው ሠሩ። ብልሃቱ በግራና በቀኝ ባሉት ቱቦዎች ነው፤ አየሩ በቱቦዎቹ በኩል ወርዶ ነበልባሉን ስለሚመግበው በሜዳ ነፋስ እንኳ መብራቱ አይጠፋም። ስለዚህ ለመንገደኛና ለከብት ጠባቂ የተመቸ ሆነ።

ደገሀቡር ከጅጅጋ በስተ ደቡብ፣ በጀረር ሸለቆ ያለች ከተማ ናት። ሚያዝያ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር ያዛት፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የሶማሊያ ወረራ ጦርነት ደረሰባት። ጦርነት እየተመላለሰ በጎበኘው አገር ከአያት ለልጅ ልጅ የደረሰ ዕቃ ሁሉ ክቡር ነው። ሶማሌው ፋይኑስ ይለዋል፣ ባለ አማርኛው ፋኖስ ይለዋል፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። በሁለት ቋንቋ በአንድ ስም የተጠራ መብራት ለሁለቱም ወገን የጋራ ቅርስ መሆኑን ልብ በል።

እንግዲህ ሰብሳቢው ወደ እንዲህ ያለ ከተማ ቢሄድ አስቀድሞ የሚጠይቀው ምንድር ነው? «ማርኩ ዲትዝ ነው ወይስ ፎየርሀንድ?» ይላል። የመጀመሪያው ስሕተት ይህ ነው። የፋብሪካ ፋኖስ በአንድ ቅርጽ ብዙ ሺህ ሆኖ የወጣ ነው፤ በደገሀቡር የተገኘው ዓይነት በበርሊንም ይገኛል። ከጥጉ ያለው ኩራዝ ግን ቆርቆሮ ሠሪ ከተጣለ የወተት ጣሳ ቆርጦ፣ ክር አስገብቶለት በእጁ ያበጀው ነው፤ ሁለተኛ አምሳያ የለውም። ርካሽ በመሆኑ ማንም አላስቀመጠውም፤ ስለዚህ በእውነት ብርቅ የሆነው እርሱ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ዕቃውን ጠርጎና ፈግፍጎ፣ ቀለምም ቀብቶ አዲስ ማስመሰል ነው። በእርሳስ የተጠገነው ስንጥቅ፣ በሽቦ የታሰረው ማንጠልጠያ የባለቤቱን ድካም ይናገራል፤ ጥገናውን ያጠፋ ሰው ምስክሩን አጥፍቷል።

ሦስተኛውና የከፋው ግን የሻጩን ችግር መጠቀም ነው። የቸገራት እናት የባልዋን ፋኖስ ለአንድ ቀን ጉርስ በሚሆን ዋጋ ብትሰጥህ፣ አንተም ነገ በአሥር እጥፍ እንደምትሸጠው ብታውቅ፣ ይህ ንግድ ነው ብለህ አታመካኝ። ዋጋውን የምታውቀው አንተ ነህና እውነቱን የመንገር ዕዳም በአንተ ላይ ነው።

ኩራዝን እናክብር ማለታችን ግን ጨለማን እናመስግን ማለት አይደለም። ጭሱ ደረትን ይጎዳል፣ ሲገለበጥም ቤት ያቃጥላል፤ ኤሌክትሪክ ላልደረሰው ቤት ኩራዝ ዛሬም ጌጥ ሳይሆን ችግር ነው። እኛ የምናከብረው በዚያ ጭስ ውስጥ ልጁን ያስተማረውን ሰው ነው።

መልካም ምሳሌ ስንሻ ሩቅ አንሄድም። ከጅጅጋ በስተ ምዕራብ በሐረር ከተማ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የከተማይቱን ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና የቤት ዕቃዎች ሰበሰቡ። ስብስባቸውን መጀመሪያ በቤታቸው አሳዩ፤ ኋላም የራስ ተፈሪ መኖሪያ በነበረው ቤት ሙዚየም ሆነ። ሙገሳ የሚገባቸው ስለ ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ የተጎዱ መጻሕፍትን መጠገን ተምረው ጠገኑ፣ የሽማግሌዎችንም ዜማ በድምፅ መቅረጫ አስቀሩ። ዕቃውንና ትዝታውን አንድ ላይ ያዙ ማለት ነው።

አንተም አሮጌ ፋኖስ ብታገኝ ከማርኩ በፊት ባለቤቱን ጠይቅ። ማን ገዛው? ከየት መጣ? ክሩ ሲያልቅ በምን ተተካ? ማንስ በብርሃኑ ቁርዓን ቀራ ወይም ፊደል ቈጠረ? መልሱን በወረቀት ጽፈህ ከማንጠልጠያው ጋር እሰረው። ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ከፋኖሱ ቀድመው ያልፋሉና፣ ለመጠየቅ ነገ አትበል።