ከቃሉ በፊት ሰውየው

ተዋናይ ድርሰት በእጁ ሲገባ አስቀድሞ የራሱን ቃል ፈልጎ ያሰምርበታል። ልማዱ የቆየ ነው፤ ጉዳቱ ግን እምብዛም አይነገርም። እዚህ ካልጋሪ፣ ሲቲስኬፕ ሰፈር፣ በአንድ ወዳጃችን ምድር ቤት ተሰብስበን ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የወሰድናቸውን ትዕይንቶች ስንለማመድ ያየሁትም ይህንኑ ነው። የፊታውራሪ መሸሻን ቦታ የያዘው ወጣት ቃሉን አንድም ሳያጎድል አጥንቶ መጣ። ጮኸ፤ ተንጎራደደ፤ የሌለ ጢሙን ደባበሰ። ሳቅን። ሳቁ ግን ፊታውራሪን አላገኛቸውም።

ያን ማታ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ቅጂ ደግሜ አዳመጥሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ይህን መጽሐፍ ከዓይኑ ይልቅ በጆሮው የሚያውቀው አንባቢ ጥቂት አይደለም። ተራኪው መድረክ የለው፣ አልባሳት የለው፣ ቃል የሚመልስለት ባልደረባ የለው፤ ፊታውራሪን፣ ጉዱ ካሳን፣ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በአንድ ጉሮሮ ማኖር ነበረበት። ብዙዎች ይህን የድምፅ ማቅጠንና ማወፈር ጥበብ ያደርጉታል። በበኩሌ አልስማማም። የወጋየሁ ፊታውራሪ እንደሚያስቁ አያውቁም። ከትዕቢታቸው ሥር ስጋት ይሰማል፤ ከአባት ከአያት የወረሱት ክብር በእርሳቸው እጅ እንዳይወድቅ የሚፈሩ ሰው ናቸው። ተራኪው አልፈረደባቸውም፤ ፍርዱን ለእኛ ተወልን።

የሞስኮው ስታኒስላቭስኪ ተዋናዩ ገጸ ባሕርይው የሚሻውን ነገር እንዲፈልግ አጥብቆ ያስተምር ነበር። የአገራችን ተሟጋችም (መቼም ሙግት የኛ ታላቅ ቲያትር ነበር) አፉን ሳይከፍት የሚሻውን ያውቃል። ይህን ስል ቃሉ ይናቅ ማለቴ አይደለም። የሐዲስን ዐረፍተ ነገር እንዳሻው የሚቆራርጥ ተዋናይ ሰውየውንም አብሮ ይቆራርጠዋል።

ችግሩ የኛ ወጣት እዚሁ የተወለደ መሆኑ ነበር። ባላባት ሲያዝ ሰምቶ አያውቅም፤ የሰማው የሌሎችን ኩረጃ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ልምምድ ስለ ጎጃም መኳንንት ማስረዳቱን ተውሁና አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ አገር ቤት የተከበረ፣ እዚህ ግን ስሙን እንኳ አስተካክሎ የሚጠራው ያጣ አባት ያውቅ እንደሆነ።

ዝም አለ። ከዚያም ተቀምጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያንኑ ቃል ከመጀመሪያው አነበበ። ከኋላ የተቀመጡት አዛውንት ባርኔጣቸውን አወለቁ። የሳቀ አልነበረም።